«አብዷል» ከማለታችን በፊት



በማቴዎስ ወንጌል የመጀመሪያ ሁለት ምዕራፎች ውስጥ ከጌታችን ልደት ጋር የተያያዙ ሁለት ስሞች እናገኛለን። አንደኛው አማኑኤል ነው። ትርጉሙ እግዚአብሔር ከሰው ጋር መሆኑን እንደሚናገር ወንጌላዊው ራሱ አስረድቶናል (ማቴ. 1፥23)። ሁለተኛው ቤተ ልሔም ነው፤ «የእንጀራ ቤት» ማለት ነው (ማቴ. 2፥1)። ከእነዚህ የሚበልጥ የተስፋ ስም ከወዴት ይገኛል?

ነገር ግን ሰዎች በሁለቱ ስሞች ምን እንዳደረጉባቸው እንመልከት። በአዲስ አበባ የአእምሮ ሕሙማን የሚታከሙበት አንጋፋው ሆስፒታል አማኑኤል ይባላል። እኛም «ይሄ ሰውዬ ከአማኑኤል አምልጦ ነው እንዴ?» እያልን ስሙን መሳቂያ አድርገነዋል። በለንደን ደግሞ በ1247 ዓ.ም. በቤተ ልሔም ስም የተመሠረተ ገዳም ነበር፤ ኋላ የአእምሮ ሕሙማን መኖሪያ ሆነ። ሕዝቡ ስሙን አሳጥሮ «ቤድላም» አለው፤ ዛሬ በእንግሊዝኛ «ቤድላም» ማለት ሁካታና ትርምስ ማለት ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሁለት አገሮች፣ ሁለት ዘመናት፣ አንድ ዓይነት ኃጢአት። የታመመውን ሰው ስም ስናዋርድ የአምላካችንንም ስም አብረን አዋረድን። ዛሬ በታሪክ ወደ ኋላ ተመልሰን፣ በዚያ በቤድላም ዘመን የኖረ አንድ የመዝሙር ጸሐፊና ከጎኑ ያልራቀ አንድ መጋቢ ምን እንዳስተማሩን እንመለከታለን።

መዝናኛ የሆነ ሕመም

በ18ኛው መቶ ዘመን ለንደን ውስጥ እንዲህ ሆነ። ጨዋ የተባሉ ሰዎች ለበዓልና ለእረፍት ቀን መዝናኛ ፍለጋ ይወጣሉ። አንዳንዶቹ ወደ ቤተ ልሔም ሆስፒታል ሄደው፣ በር ላይ ሳንቲም ሰጥተው፣ የታሰሩትን ሕሙማን እየዞሩ ያያሉ። ይስቃሉ። አንዳንዶቹም ሕሙማኑን ነካክተው እንዲቆጡ ያደርጓቸዋል። ይህ ልማድ እስከ 1770 ድረስ ቀጥሎ ነበር። ዊልያም ሆጋርት የተባለው ሠዓሊ በ1735 ባሳተመው ተከታታይ ሥዕል መጨረሻ ላይ፣ በመጠጥ፣ በቁማርና በዝሙት ሀብቱን የጨረሰ ወጣት እርቃኑን ሊሆን ምንም ሳይቀረው በቤተ ልሔም ወለል ላይ ወድቆ፣ ያማረ ልብስ የለበሱ ሁለት ሴቶች ደግሞ ሕሙማኑን ቆመው ሲመለከቱ ያሳያል። የሥዕሉ መልእክት ለዘመኑ ሰው ግልጽ ነበር፤ እብደት የኃጢአት ደመወዝ ነው የሚል።

ሕጉም ከሕዝቡ የሚራራ አልነበረም። ጤናማ ሳለ ራሱን አጥፍቷል ተብሎ የተፈረደበት ሰው ንብረቱ ይወረስ፣ ሬሳውም ጸሎት ሳይደረግለት በመንገድ መገናኛ ይቀበር ነበር። ይህ አቀባበር በሕግ የተከለከለው በ1823 ነው። እንግዲህ በዚያ ዘመን አእምሮው የታወከ ሰው ሦስት ነገር ይጠብቀዋል፤ የሰው ሳቅ፣ የሕግ ፍርድ፣ የራሱም የልብ ክስ።

ዊልያም ኩፐር

ዊልያም ኩፐር በ1731 ተወለደ። አባቱ የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ነበሩ። እናቱ የሞቱበት ገና ስድስት ዓመት ሳይሞላው ነው፤ ያ ሐዘን እስከ ሽምግልናው አልለቀቀውም። ሕግ ተምሮ ለንደን ተቀመጠ፤ በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ግን ዛሬ ድባቴ የምንለው ሕመም ጀመረው።

በ1763 ዘመዱ በሎርዶች ምክር ቤት የመዝገብ ጸሐፊነት ሥራ አገኘለት። ሹመቱ ግን ክርክር ተነሥቶበት ስለ ነበር፣ በምክር ቤቱ ፊት ቆሞ እንዲፈተን ታዘዘ። በሰው ፊት መቆም ለሌላው ጭንቅ ብቻ ነው፤ ለኩፐር ግን ሊሸከመው የማይችለው ሸክም ሆነበት። ቀኑ ሲቃረብ አእምሮው ተናወጠ፤ ሕይወቱንም ሊያጠፋ ደጋግሞ ሞከረ። እግዚአብሔር ግን ጠበቀው።

ቤተሰቡ ምን አደረጉ? ወደ ቤድላም አልወሰዱትም። ሴንት ኦልባንስ በምትባል ከተማ ናትናኤል ኮተን የተባለ ሐኪም ጥቂት ሕሙማንን የሚቀበልበት አነስተኛ ቤት ነበረው። ኮተን ሐኪምም፣ ግጥም ጸሐፊም፣ እግዚአብሔርን የሚፈራም ሰው ነበር። ኩፐር በዚያ አንድ ዓመት ተኩል ያህል ቆየ። በ1764 ክረምት በዚያው ቤት የሮሜን መልእክት ከፍቶ ክርስቶስ ስለ ኃጢአታችን ማስተስረያ ሆኖ መቅረቡን የሚናገረውን ቃል አነበበ (ሮሜ 3፥25)፤ በዚያን ቀን አመነ።

ወገኖች፣ ይህን ልብ እንበል። ኩፐር ጌታን ያገኘው በስብሰባ አዳራሽ አይደለም፤ በአእምሮ ሕሙማን ቤት ነው። ሐኪሙና ወንጌሉ አንድ ጣሪያ ሥር ነበሩ፤ አልተጣሉም።

በኦልኒ የተከፈተ በር

ኩፐር ከዚያ ከወጣ በኋላ አንዊን የሚባሉ የአገልጋይ ቤተሰብ ተቀበሉት። የቤቱ አባወራ በ1767 ከፈረስ ወድቀው ሞቱ። በዚያው ዓመት ኩፐርና ባልቴቲቱ ወይዘሮ ሜሪ አንዊን ኦልኒ ወደምትባል ትንሽ ከተማ ተዛወሩ። ምክንያታቸው አንድ ነበር፤ መጋቢው ጆን ኒውተን በዚያ ነበረና።

ኒውተንን ብዙዎቻችን «አሜዚንግ ግሬስ» በተባለው መዝሙር እናውቀዋለን። በወጣትነቱ የባሪያ መርከብ አዛዥ ነበር። ጌታ ከምን ዓይነት ጭቃ እንዳወጣው ስለሚያውቅ፣ በሌላው ጭቃ ላይ ለመፍረድ አልቸኮለም። በሁለቱ ቤቶች መካከል አንድ የፍራፍሬ ቦታ ብቻ ስለ ነበር በዚያ በኩል እየተሻገሩ ይገናኙ ነበር። ኒውተን ኩፐርን ወደ ድሆች ቤት፣ ወደ ሕሙማን አልጋና ወደ ጸሎት ስብሰባ ይወስደው ነበር። ለምእመናኑም አብረው መዝሙር እንዲጽፉ አሳሰበው። በ1779 የታተመው የኦልኒ መዝሙራት መጽሐፍ 348 መዝሙሮችን ይዟል፤ ከነዚህ ከ60 በላይ የሆኑት የኩፐር ናቸው።

ይሁን እንጂ ሥራው ሳያልቅ ጨለማው ተመለሰ። በ1773 መጀመሪያ ላይ ኩፐር እንደገና ታመመ። በየካቲት ወር አንድ አስፈሪ ሕልም አየ፤ ነገሩ እንዳበቃለትና እንደ ጠፋ የሚናገር ድምፅ ሰማ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እግዚአብሔር እንደ ጣለው አመነ። ሌላው ሁሉ ሊድን ይችላል፤ እርሱ ብቻ አይድንም። ወደ ጉባኤም አልተመለሰም።

እዚህ ላይ የኒውተንን ጉልበት የሚፈትን ነገር መጣ። በሚያዝያ 1773 ኩፐር በመጋቢው ቤት አንዲት ሌሊት ሊያድር መጣ፤ ከዚያ በኋላ ግን ልሂድ አላለም። ሳምንታት አለፉ፤ ወራት አለፉ። ወይዘሮ አንዊንም እርሱን ለማስታመም አብረው ነበሩ። በጥቅምት ወር እንደገና ራሱን ሊያጠፋ ሞከረ። ኒውተን ግን ወደ ውጭ አልገፋውም። ጸለየ፤ ደግሞም ከዶክተር ኮተን የሕክምና ምክር ጠየቀ። ኩፐር ከዚያ ቤት የወጣው በግንቦት 1774 ነው፤ ከአንድ ዓመት በላይ መሆኑ ነው። ደመወዙ ትንሽ የነበረው መጋቢ፣ ከአገልግሎቱ ሁሉ ጋር፣ አንድ በጽኑ የታመመ ሰው በጓዳው ይዞ ከረመ።

ስለ ኒውተን ሁሉን አሳምረን መናገር አንፈልግም። በ1786 ከኦልኒ የመጣ ሐሜት ሰምቶ ለኩፐርና ለወይዘሮ አንዊን ስለ አዳዲስ ወዳጆቻቸው የተግሣጽ ደብዳቤ ጻፈ፤ ኩፐርም እጅግ አዘነ። መልካም መጋቢም ይሳሳታል። ወዳጅነታቸው ግን በዚያ አልተቆረጠም።

ያልነደደው ቁጥቋጦ

ኩፐር ከ1773 በኋላ 27 ዓመት ኖረ። በነዚህ ዓመታት አትክልት ተከለ፤ የአናጢ ሥራ ሠራ፤ ሦስት ጥንቸሎችን ስም አውጥቶላቸው በቤቱ አሳደገ። ወይዘሮ አንዊን ግጥም እንዲጽፍ አበረታቱት። በ1785 «ዘ ታስክ» የተባለው ረጅም ግጥሙ ታትሞ በመላ እንግሊዝ አገር ስሙ ታወቀ። በ1788 የባሪያ ንግድን ለማስቆም በተደረገው ትግል ግጥሞችን ጽፎ ረዳ። አእምሮው የታወከ የተባለው ሰው፣ ጤነኛ የተባለው ዓለም በባሮች ላይ የሚሠራውን እብደት አጋለጠ።

ግን ሙሉ በሙሉ አልዳነም። ሕመሙ በ1787 ተመለሰ። ወይዘሮ አንዊን ሽባነት ሲይዛቸው ተራው የእርሱ ሆነ፤ አስታመማቸው። እርሳቸው በ1796 ሞቱ። ኩፐርም በሚያዝያ 1800፣ ያ ድቅድቅ ጨለማ ሳይገፈፍለት አረፈ።

ኒውተን ያኔ የ74 ዓመት ሽማግሌ ነበር። ስለ ወዳጁ የመታሰቢያ ስብከት ሲሰብክ የመረጠው ቃል ሙሴ በምድረ በዳ ያየውን ቁጥቋጦ የሚናገረውን ነው (ዘጸ. 3፥2-3)። ኩፐርን 27 ዓመት በእሳት መካከል እንደ ቆየ ግን እንዳልተቃጠለ ቁጥቋጦ አድርጎ አቀረበው፤ ምክንያቱንም ሲናገር ጌታ በዚያ ስለ ነበረ ነው አለ። ኩፐር ስለ ራሱ «ጠፍቻለሁ» አለ። ኒውተን ይህን ከሕመሙ አንዱ አድርጎ ቆጠረው እንጂ እንደ እግዚአብሔር ፍርድ አልተቀበለውም። ሽባውን አራት ሰዎች ተሸክመው ጣሪያ ነድለው እንዳወረዱት (ማር. 2፥3-5)፣ ኒውተንም ወዳጁ በራሱ እግር ሊቆምበት ያልቻለውን ተስፋ ተሸከመለት።

ጥፋተኛው ማን ነው?

ኩፐር ከሞተ በኋላ የሥነ ጽሑፉ ዓለም ተጨነቀ። እንዲህ ያለ ታላቅ ባለቅኔ እንዴት ያብዳል? ወዳጁ ዊልያም ሄይሊ በ1803 የሕይወት ታሪኩን ሲያሳትም ስለ ሕመሙ በጥንቃቄ እያለፈ ጻፈ፤ ሐፍረት ነበርና። ኩፐር ራሱ በወጣትነቱ የጻፈው ምስክርነት በ1816 ሲታተም ግን ሁሉ ተገለጠ። ያን ጊዜ ክርክር ተነሣ። አንዳንዶች «ያሳበደው ይህ የወንጌላውያን ሃይማኖት ነው፤ ኒውተን ነው» አሉ። ክሱ ግን ከታሪኩ ጋር አይስማማም፤ ኩፐር በ1763 ሲታመም ኒውተንን ጨርሶ አያውቀውም ነበርና።

እኛስ ይህን ክስ ሰምተን ከተቆጣን፣ ተመሳሳዩን ስንት ጊዜ አድርገናል? እነዚያ «እምነት አሳበደው» አሉ፤ እኛ ደግሞ «እምነት ማጣት አሳበደው» እንላለን። ሁለቱም ጥፋተኛ ይፈልጋሉ። ደቀ መዛሙርቱም ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው ሲያዩ ኃጢአቱ የማን እንደ ሆነ ጠየቁ፤ ጌታ ግን የእርሱም የወላጆቹም እንዳልሆነ ነግሯቸው ወደ ፈውስ ሥራው ተሻገረ (ዮሐ. 9፥1-7)።

ሱሰኛው ባለቅኔ

«ሕመም ይሁን እሺ፤ ሱስ ግን የራስ ምርጫ አይደለምን?» የሚል ይኖራል። እስቲ ከኩፐር ቀጥሎ የተነሣውን ሌላ ባለቅኔ ሳሙኤል ቴይለር ኮልሪጅን እንመልከት።

በዚያ ዘመን ኦፒየም በአልኮል ተበጥብጦ ላውዳነም በሚል ስም በየሱቁ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ይሸጥ ነበር። ለሕፃናት ሳል ሳይቀር ይሰጥ ነበር። ኮልሪጅ ሕመሙን ለማስታገስ ጀመረው፤ ኋላ ግን መድኃኒቱ ጌታው ሆነ። ትዳሩ ፈረሰ፤ ወዳጆቹ አዘኑበት። በ1814 ጆሴፍ ኮትል የተባለ ወዳጁ በደብዳቤ ሲገሥጸው የሰጠው መልስ ዛሬም ልብ ይነካል። ተነሣና በርታ ብሎ መምከር፣ ሁለት እጆቹ ሽባ የሆኑበትን ሰው እጆችህን አፋትጋቸውና ትድናለህ እንደ ማለት ነው አለው። በዚያው ዓመት ለሌላ ወዳጁ ሲጽፍ ደግሞ ከሞተ በኋላ ታሪኩ ለሌሎች ማስጠንቀቂያ እንዲሆን ይፋ እንዲወጣ ለመነ። ኃጢአቱን አልሸፈነም፤ ያጣው ጉልበት ነበር።

በ1816 ጄምስ ጊልማን የተባለ ሐኪም በሃይጌት ባለው ቤቱ ተቀበለው። አሳቡ ለአንድ ወር ነበር፤ ኮልሪጅ ግን በ1834 እስኪሞት 18 ዓመት በዚያ ኖረ። ሐኪሙ መጠኑን ቀነሰለት፤ ኮልሪጅ ደግሞ አንዳንዴ በስውር ከመድኃኒት ቤት ያስመጣ ነበር። ፍጹም ነጻ አልወጣም። ነገር ግን ከዚያ ቤት ሆኖ የክርስትናን እምነት ለወጣቶች የሚያስረዱ መጻሕፍት ጻፈ።

ሌላም ነገር አለ። የባሪያ ንግድን የታገለው ዊልያም ዊልበርፎርስም በ1788 በጽኑ ታሞ ሐኪሙ ኦፒየም አዘዘለት፤ በ1833 እስኪሞት ድረስም ይወስድ ነበር። አንዱን በምግባሩ እናከብራለን፤ ሌላውን በሱሱ እናስታውሳለን። መድኃኒቱ ግን አንድ ነበር። የሰውን ልብና ሰውነት ከውጭ አይተን መፍረድ እንዴት ከባድ እንደ ሆነ ከዚህ እንማር።

እንግዲህ እኛስ?

የተወደዳችሁ፣ የነዚህ ሰዎች ታሪክ በሦስት ቤቶች ያልፋል። የኮተን ቤት፣ የኒውተን ቤት፣ የጊልማን ቤት። ቤድላም ለሚስቁ ሰዎች በሩን ከፈተ፤ እነዚህ ቤቶች ግን ለታመመው ተከፈቱ። ልዩነቱ ይህ ነው።

በእኛ መካከልስ? መድኃኒቱን ከመጋቢው ደብቆ የሚውጥ ወንድም አለ። «ካመንሽ ክኒኑን ጣዪ» ተብላ ሕመሟ የባሰባት እኅት አለች። እንግዳ ሲመጣ ልጃቸውን ጓዳ የሚያስገቡ እናት አሉ። አረቄና ጫት የያዘው ወጣት ንስሐ ሲገባ እልል እንላለን፤ እንደገና ሲወድቅ ግን ስሙን ከዝርዝር እንሰርዛለን። በውጭ አገር ያሉ ወገኖቻችንም «ሰው ከሰማ ምን ይለናል?» ብለው ዝም ይላሉ።

ሱስ ንስሐ አያስፈልገውም እያልን አይደለም። እግዚአብሔር አይፈውስምም አላልንም፤ ይፈውሳል። ግን ኤልያስ ነፍሱ እንድትወሰድ በለመነ ጊዜ፣ ጌታ በመጀመሪያ የሰጠው እንቅልፍና እንጀራ ነበር (1ኛ ነገ. 19፥4-8)፤ ጥያቄው ከዚያ በኋላ መጣ። መዝሙር 88ን ደግሞ እንደገና እናንብበው፤ እስከ መጨረሻው ቃል ድረስ ጨለማ ነው። ይህም ጸሎት በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ተቀምጧል፤ እንዲህ የሚጸልይ ሰውም ከቅዱሳን ጉባኤ አይወጣም ማለት ነው።

ስለዚህ እንዲህ እናድርግ። ስንጸልይለት ሐኪም ዘንድም እንውሰደው። ሲናገር እንስማው እንጂ አንገሥጸው። ከወደቀበት ስናነሣው ስንተኛ ጊዜው እንደ ሆነ አንቁጠር። በስሙም አንቀልድ።

ምናልባት ይህን የምታነቡት እናንተ ራሳችሁ በዚያ ጨለማ ውስጥ ትሆናላችሁ። ምናልባት ገና ጌታን በመፈለግ ላይ ናችሁ፤ ወይም ደግሞ ቤተ ክርስቲያን አቁስላችሁ ይሆናል። ይቅርታ እንጠይቃችኋለን። ሞት የሚሻል መስሎ ከታያችሁ እባካችሁ ዛሬውኑ ለምታምኑት ሰው ንገሩ፤ ወደ ሐኪም ቤትም ሂዱ፤ ብቻችሁን አትደሩ። የታመመ ልብ ስለ እናንተ የሚናገረው ሁሉ የእግዚአብሔር ድምፅ አይደለም። ኩፐር የጻፋቸው መዝሙሮች እርሱ ራሱ ሊዘምራቸው ባልቻለ ጊዜ ሌሎች ዘምረውለታል። እናንተም መዘመር ካቃታችሁ፣ እኛ እንዘምርላችኋለን።

አባታችን ሆይ፣ በታመሙት ላይ ስለ ሳቅንበት ሳቅ ይቅር በለን። ቤታችንን የእንጀራ ቤት አድርገው፤ በጨለማ ላለው ወንድማችንና ለደከመችው እኅታችን አንተ አማኑኤል መሆንህን በእኛ በኩል አሳያቸው። በኢየሱስ ክርስቶስ ስም፤ አሜን።